የማኅበረሰብ ኮሌጅ ጥያቄ ከባሕር ዳር ታሪክ አንጻር

በባሕር ዳር ከተማ በታክሲ ወይም በባጃጅ የሚሳፈር ሰው መውረጃውን ሲናገር እስከ ዛሬ ድረስ «ፖሊ» ወይም «ፔዳ» ይላል። ሁለቱም ራሳቸውን ችለው መቆማቸውን ካቆሙ ከሃያ ዓመት በላይ የሆናቸው ተቋማት ስሞች ናቸው። ፖሊ የሚባለው በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት፣ ፔዳ የሚባለው ደግሞ ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። ዛሬ ሁለቱም ግቢዎች የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ክፍሎች ናቸው። ሲመሠረቱ ግን ዩኒቨርሲቲ ይሆናሉ ተብሎ አልነበረም። አንደኛው ለፋብሪካና ለእርሻ መሣሪያ የሚሆን የመካከለኛ ደረጃ ቴክኒሻን፣ ሁለተኛው ለገጠሩ ሕዝብ የሚሆን የትምህርትና የልማት ሠራተኛ ለማፍራት ነበር የተቋቋሙት።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ መካከል የሚቆም፣ ለአካባቢው ሕዝብ ቅርብ የሆነ፣ ወጪውም ለድሃ ቤተሰብ ያልከበደ ኮሌጅ ምን ዓይነት ሊሆን ይገባዋል የሚለው ጥያቄ በመምህራንና በዕቅድ አውጪዎች ዘንድ በተነሣ ቁጥር፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ ከባሕር ማዶ ይፈለጋል። «የማኅበረሰብ ኮሌጅ» የሚለው ስያሜ ከአሜሪካ የመጣ ስለ ሆነ ይህ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ስሙ ባይሆንም ሐሳቡ በጣና ዳር ከአንድ ጊዜ በላይ ተሞክሯል። ሙከራዎቹ ምን እንዳጋጠማቸው ማወቅ፣ አዲስ ዕቅድ ከማውጣት በፊት ሊቀድም የሚገባው ሥራ ነው።

ፋብሪካውና ኢንስቲትዩቱ

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1959 ሞስኮን ከጎበኙ በኋላ በተደረገ የቴክኒክ ትብብር ስምምነት መሠረት የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ተቋቋመ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በከተማይቱ ተቋቁሞ ነበር። የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫም እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራውን ጀመረ። ፋብሪካ፣ ትምህርት ቤትና የኃይል ማመንጫ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ በአንድ አካባቢ መገናኘታቸው በአገራችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው።

የኢንስቲትዩቱ የሥልጠና ዘርፎችም ይህንኑ ዝምድና የሚያሳዩ ነበሩ፤ እነርሱም የእርሻ መሣሪያዎች ቴክኒክ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ ኤሌክትሪክ፣ ብረታ ብረት፣ ጨርቃ ጨርቅና የእንጨት ሥራ ናቸው። ጨርቃ ጨርቅ የተማረ ወጣት ሙያው የሚሠራበትን ፋብሪካ ከመማሪያ ክፍሉ ሳይርቅ ያገኘዋል። ኤሌክትሪክ የተማረውም እንዲሁ። ሥልጠናውና ሥራው በዓይን የሚተያዩበት ተቋም ነበር ማለት ነው።

አንድ ጉድለት ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይታያል። ኢንስቲትዩቱ የተሠራው በአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ዳር ሆኖ ሳለ፣ ከስድስቱ ዘርፎች አንዱም ስለ ሐይቁ አልነበረም። ዓሣ ማስገር፣ ጀልባ መሥራት፣ የደንገል ታንኳ አሠራር፣ ዓሣ አድርቆ ወይም አቀዝቅዞ ማቆየት በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ቦታ አላገኙም። ተቋሙ የታቀደው ለአገሪቱ ኢንዱስትሪ ነበርና ከአጥሩ ውጭ ታንኳውን ለሚገፋው ሰው የሚያስተምረው ነገር አልነበረውም። ይህን እንደ ነቀፋ መቁጠር አይገባም፤ ዓላማው እንዲያ ነበርና። ነገር ግን ለአካባቢ ቅርብ መሆንና የአካባቢ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚሁ መረዳት ይቻላል።

ሴክተር ሪቪውና ያልተሠሩት ማዕከላት

የማኅበረሰብ ኮሌጅ ሐሳብ በአገራችን በግልጽ የተጻፈው በ1964 ዓ.ም. በተካሄደው የትምህርት ሴክተር ሪቪው ውስጥ ነው። የጥናቱ አዘጋጆች የተነሡበት ችግር እውነተኛ ነበር። ለትምህርት ከደረሱት ሕፃናት አብዛኞቹ ከትምህርት ቤት ውጭ ነበሩ፤ መደበኛው ትምህርት በነበረበት አካሄድና ወጪ ቢቀጥል ለገጠሩ ሕዝብ በቅርብ ዘመን ሊዳረስ አይችልም ነበር። በሌላ በኩል ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣቶች ሥራ እያጡ በየከተማው መከማቸት ጀምረው ነበር። ስለዚህ ጥናቱ ለሁሉም የሚዳረስ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲኖር፣ ዕድሜያቸው ለገፋ ወጣቶች አጠር ያለ የሁለት ዓመት ትምህርት እንዲዘጋጅ፣ ከዚያም በኋላ ወጣቱም ጎልማሳውም እርሻ፣ እጅ ሥራ፣ ጤናና የቤት አያያዝ የሚማርባቸው የማኅበረሰብ የተግባር ትምህርት ማዕከላት በየአካባቢው እንዲቋቋሙ ሐሳብ አቀረበ። የሁለተኛና የከፍተኛ ደረጃ ትምህርት ግን በበጀትና በሥራ ገበያ ልክ ተወስኖ እንዲያድግ አሳሰበ።

የባሕር ዳር የፔዳጎጂ አካዳሚ የተወለደው በዚሁ መንፈስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም መካከል በተደረገ የሦስትዮሽ ስምምነት ተመሥርቶ በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ጀመረ። ያስተዳድረው የነበረውም የትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር ነበር። ዓላማው ለመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት አስተማሪዎችን፣ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘሮችን፣ እንዲሁም የጎልማሶች ትምህርትና የማኅበረሰብ ልማት ሠራተኞችን ማዘጋጀት ነበር። መምህሩ ፊደል ብቻ ሳይሆን የመንደሩን ኑሮ የሚያውቅና በኑሮው መሻሻል የሚሳተፍ ባለሙያ እንዲሆን ተፈልጎ ነበር።

ውጤቱ ምን እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል። የጥናቱ ሐሳብ ለሕዝብ በታወቀ ጊዜ መምህራን፣ ወላጆችና ተማሪዎች በአንድነት ተቃወሙት። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። መንግሥት ዕቅዱን ከማገድ በቀር ሌላ ምርጫ አላገኘም። የዚያ ወር ሁከት ወደ አብዮት ማምራቱም በታሪክ የተመዘገበ ነው።

ተቃውሞውን ከደመወዝ ጥያቄና ከፖለቲካ ጋር ብቻ አያይዞ ማለፍ የተለመደ ነው። እነዚህም ምክንያቶች ነበሩበት። ነገር ግን የወላጁ ቅሬታ ከዚያ የጠለቀ ነበር። ወላጁ ልጁ አናጢነት ወይም ንብ ማነብ መማሩን አልጠላም። የጠላው ልጁ ከአራተኛ ክፍል በኋላ ወደዚያ ከሄደ መመለሻ እንደማይኖረው መገንዘቡን ነው። የባለሥልጣንና የባለጸጋ ልጅ በአንድ መንገድ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲያልፍ፣ የገበሬው ልጅ በሌላ መንገድ ተጉዞ መንደሩ ላይ የሚያቆመው በር ነው የቀረበለት። አቃጆቹ ማዕከላቱን ለሕዝቡ ቅርብ አደረጓቸው እንጂ ከላይኛው ትምህርት ጋር የሚያገናኝ መሰላል አላበጁላቸውም። ዕቅዱ በገንዘብ ስሌት ረገድ ትክክል ሊሆን ይችል ነበር፤ ሕዝቡ ግን በፍትሕ ሚዛን ነው የመዘነው።

ማዕከላቱ ሳይሠሩ ቀሩ። አካዳሚው ግን ቀረ፤ ያሠለጠናቸውም ሰዎች ወደ መምህራን ማሠልጠኛዎችና ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ተሰማሩ።

ከአብዮቱ በኋላ የዚያው ሐሳብ ከፊሉ በሌላ መልክ ተመለሰ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተሸለመና በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ታላቅ ሥራ ነበር። ከመሠረተ ትምህርቱ ጎን ለጎንም የኅብረተሰብ ሙያ ማሠልጠኛ ማዕከላት በየአውራጃውና በየወረዳው ተከፈቱ። የገበሬ ማኅበራት ከአባሎቻቸው መካከል መርጠው ይልካሉ፤ ሠልጣኞቹ ለአጭር ጊዜ ሽመና፣ ግንበኝነት፣ አናጢነት፣ ቀጥቃጭነት ወይም የቤት አያያዝ ይማራሉ፤ ተመልሰውም ለሌሎች ያስተምራሉ ተብሎ ይጠበቃል። በአደረጃጀቱ ረገድ ከዚህ የበለጠ ለሕዝብ የቀረበ የሙያ ትምህርት በአገራችን አልታየም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያደናቀፈው ነገር ቀላል ይመስላል። ሠልጣኙ በማዕከሉ መላጊያና መጋዝ ይዞ ተምሮ ወደ ቤቱ ሲመለስ መላጊያም መጋዝም የለውም። መሣሪያ የሚገዛበት ብድር አልተዘጋጀለትም። የተማረውም ወደ ቀጣይ ትምህርት የሚያሻግረው ምስክር ወረቀት አልነበረም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ብዙዎቹ ማዕከላት ተዳክመው፣ ተዘርፈው ወይም ለሌላ ሥራ ውለው ቀሩ።

የመውጣት ዝንባሌ

ሁለቱ የባሕር ዳር ተቋማት በበኩላቸው ወደ ላይ መውጣትን መርጠዋል። አካዳሚው የመምህራን ኮሌጅ ሆኖ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራንን በዲፕሎማ ወደ ማሠልጠን ተሸጋገረ። የጎልማሶች ትምህርትና የማኅበረሰብ ልማት ዓላማው የቀድሞ ክብደቱን እያጣ ሄደ። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ከወጣ በኋላ ሁለቱም የዲግሪ ፕሮግራሞችን ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲው ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. ተመረቀ። የጨርቃ ጨርቅ ቴክኒሻን ያፈራ የነበረው ዘርፍ ዛሬ የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሚል ስም እስከ ከፍተኛ ዲግሪ የሚያስተምር ሆኗል።

ክልሉ ዩኒቨርሲቲ ያስፈልገው ስለ ነበር በዚህ ማዘን አይገባም። ተቋማቱ ወደ ላይ ሲወጡ ግን የቆሙበት ደረጃ ባዶ ቀረ። ባዶው ሲሰማም በዚያው ደረጃ አዲስ ተቋም ከታች እንደገና መጀመር አስፈለገ። በ1990ዎቹ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተስፋፍተው 10+1፣ 10+2 እና 10+3 የተባሉት ሥልጠናዎች ተጀመሩ። ወረታ ላይ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተቋቁሞ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን አሠለጠነ። በባሕር ዳርም በክልሉ መንግሥት ሥር የሚተዳደር ኮሌጅ ፖሊቴክኒክ የሚለውን የቀድሞውን ስም ይዞ ተነሣ። ስሙ በአንድ ከተማ ሁለት ጊዜ መወለዱ የታሪኩን አካሄድ ከብዙ ሐተታ ይልቅ ያስረዳል።

ይህ ዝንባሌ የእኛ ብቻ አይደለም። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የገጠሩ ሕዝብ ቡናና ከብቱን ሸጦ ባዋጣው ገንዘብ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶችን ለማቋቋም ተነሣ። ከእነዚያ አንዱ የሆነው የኪማቲ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2012 ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በብሪታንያም የፖሊቴክኒኮቹ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1992 ዩኒቨርሲቲ በመባል አብቅቷል። ኮሌጅ ክብርና በጀት የሚያገኘው በዲግሪ ብቻ ከሆነ፣ አስተማሪውም ደመወዙና ማዕረጉ የሚያድገው በዚያ መንገድ ብቻ ከሆነ፣ ወደ ላይ መውጣቱ የማይቀር ነው።

የአሜሪካው ኮሌጅ ከዚህ የተለየበት አንድ ነጥብ አለ። ኢሊኖይ ውስጥ በጆሊየት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1901 የተከፈተው የመጀመሪያው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላም የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው። ተማሪው እዚያ የተማረው ትምህርት ተቆጥሮለት ወደ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት መሻገር ይችላል፤ ኮሌጁ ግን እቦታው ይቆያል። ሥርዓቱ ጉድለት የሌለበት አይደለም፤ ለመሻገር አስበው ገብተው የማይሻገሩት ብዙ ናቸው። ቢሆንም የ1964ቱ ዕቅድ የዘነጋው የተማሪው መሰላልና ሁለቱ የባሕር ዳር ተቋማት የተዉት የተቋሙ ጽናት በአንድነት የሚገኙት በዚያ አደረጃጀት ውስጥ ነው።

ለእኛ መምህራንና ዕቅድ አውጪዎች ጉዳዩ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 845,000 ያህል ተማሪዎች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267፣ ማለትም 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ጀምሮ በአማራ ክልል በተስፋፋው ግጭት ምክንያት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በጣና ዙሪያ ባሉ ወረዳዎችም ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። እነዚህ ልጆች ወደ ትምህርት የሚመለሱት ዕድሜያቸው ከክፍላቸው በልጦ ነው። ሁለተኛ መግቢያ በር የሚሆን ተቋም ካልተዘጋጀላቸው ወደ ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ክፍል ተመለሱ ማለቱ ብቻ አይበቃም።

በሌላ በኩል የሙያ ኮሌጆቹ ለዚህ ሥራ የተመቻቸ ስም የላቸውም። በ10ኛ ክፍል ፈተና ወደ መሰናዶ ያላለፈው ወደ ሙያ ይግባ በሚባልበት ዘመን ኮሌጁ በወላጅ ዓይን የወደቁ ልጆች ማረፊያ ሆኖ ታየ። ፈተናው ከቀረ በኋላም አስተያየቱ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ስትራቴጂ የሙያ ደረጃዎችንና የብቃት ምዘናን ማስፋፋቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቁሞ ኮሌጆቹ በእርሱ ሥር ሲሆኑ ግን፣ ትምህርት ቤትና ኮሌጅ በአንድ ጠረጴዛ የሚታቀዱበት አጋጣሚ ጠበበ። የሙያ ደረጃውን ከደረጃ 5 አሳልፎ እስከ ደረጃ 8 የመዘርጋቱ ሐሳብም ለተማሪው መሰላል ስለሚሆን የሚደገፍ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ የክልል ኮሌጅ ደረጃ 8 ላይ ልድረስ ብሎ ከተነሣ የፖሊና የፔዳ ታሪክ ለሦስተኛ ጊዜ ይደገማል። ላይኛውን ደረጃ ለጥቂት ተቋማት ትቶ፣ የቀሩትን በታችኛው ደረጃ በሚሠሩት ሥራ መመዘንና በጀት መስጠት ይሻላል።

የሐይቁ ሥራና የኮሌጁ የቀን መቁጠሪያ

ኮሌጅ የአካባቢ ይሁን ሲባል በጣና ዳር ምን ማለት እንደ ሆነ ሥራዎቹን በማየት መረዳት ይቻላል። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የገባው ከአርባ ዓመት ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት ነው። ዛሬ የወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያ ማሽኖች ከተማ ሆናለች። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውና የሚጠግነው ሰው አብዛኛውን ሙያውን ከሌላ ሰው አጠገብ ቆሞ ያገኘው ነው። ማሽኑ በትክክል ካልተስተካከለ ሩዙ ይሰበራል፤ የተሰበረ ሩዝ ደግሞ ዋጋው ዝቅ ይላል። ለዚህ ሰው ኮሌጁ ሊሰጠው የሚገባው ከደረጃ 1 የሚጀምር የሁለት ዓመት ትምህርት አይደለም። የሚያውቀውን መዝኖ ማረጋገጥ፣ የጎደለውን በጥቂት ሳምንት መሙላት፣ የሞላውንም ወደ ቀጣዩ ደረጃ መቁጠር ነው።

በሐይቁ ላይም እንዲሁ። ከደንገል ታንኳ መሥራት የወይጦ ማኅበረሰብ የዘመናት ሙያ ነው። የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረ ፕሮጀክት ሲገቡ የሚያዘው ዓሣ በዛ፤ ከዚያ በኋላ ግን በጣና ብቻ የሚገኙት የባርበስ ዝርያዎች ቁጥር አሽቆለቆለ። ዓሣው ለመራባት ወደ ወንዞች ሲጓዝ በወንዝ አፍ ላይ በመረብ መያዙ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እንቦጭም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ሰፊ ቦታ ሸፍኖ የአስጋሪውን ኑሮ አክብዶበታል። እንቦጩን ለማጨድ ማሽኖች ከውጭ መጡ፣ በአገር ውስጥም ተሠሩ። ማሽን በመጣ ቁጥር ግን ጥገና፣ መለዋወጫና ሠራተኛ ይጠይቃል። የሞተር ጀልባ ጥገና፣ የመረብ ዓይን መጠን፣ ዓሣ ማቆያና ማጓጓዣ፣ የማጨጃ ማሽን አያያዝ በ1955 ዓ.ም. ከስድስቱ ዘርፎች ውጭ የቀረው ሰባተኛ ዘርፍ ናቸው ማለት ይቻላል።

ዕቅድ አውጪዎች ብዙም ሳያስተውሉት የሚያልፉት ሌላ ጉዳይ የጊዜ ጉዳይ ነው። ባርበሱ ወደ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ወንዞች ወጥቶ የሚራባው ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ስለ ሆነ፣ አስጋሪው በወንዞቹ አፍ መረቡን መሰብሰብ ያለበት በዚሁ ጊዜ ነው። ለመማር ጊዜ የሚኖረውም ያን ጊዜ ነው። ኮሌጁ ግን በክረምት ዝግ ነው። የሩዝ ገበሬው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በክረምት ከጭቃው አይወጣም፣ ከኅዳርና ከታኅሣሥ አጨዳ በኋላ ግን እስከ ግንቦት ድረስ ፋታ ያገኛል። በዚያ ጊዜ ኮሌጁ ክፍት ቢሆንም ምዝገባው በመስከረምና በጥቅምት አልፏል። በአንድ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች ሁለት ዓይነት የትምህርት ዘመን ያስፈልጋቸዋል፤ ኮሌጁ ያለው ግን ከሁለቱም ጋር የማይገጥም አንድ ብቻ ነው።

ይህን ለመለወጥ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ምዝገባን በዓመት ሁለት ጊዜ መፍቀድ፣ በክረምት ለሚያስተምር መምህር የሥራ ጊዜውን አስልቶ መክፈልና በሌላ ወር ማሳረፍ፣ ወርክሾፑን በእረፍት ወራት አለመቆለፍ ነው። የኅብረተሰብ ሙያ ማሠልጠኛ ማዕከላቱን ያደናቀፈው የመሣሪያ እጦትም እንዳይደገም፣ ሠልጣኙ ሲጨርስ ከኮሌጁ ዕቃ ግምጃ ቤት መሣሪያ በውሰት ወስዶ እየሠራ ዋጋውን የሚከፍልበት ደንብ ከምዝገባው ጋር አብሮ መውጣት አለበት። ይህ ደንብ የፋይናንስ ቢሮንም ስለሚመለከት፣ ረቂቁን የሚያዘጋጁት የኮሌጁ መምህራን ብቻ ሊሆኑ አይችሉም።